ቤትዎ ስታቲስቲክስ፣ ጥያቄዎ ውስብስብ ሥርዓት፦ የአንድ ተመራማሪ የሙያ ጉዞ ደረጃ በደረጃ

አብዛኞቹን ዩኒቨርሲቲዎች ቢዞሩ «የውስብስብ ሥርዓቶች ትምህርት ክፍል» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ የተለጠፈበት ሕንፃ አያገኙም። ፊዚክስ የራሱ ክፍል አለው፤ ሒሳብ፣ ባዮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስና ኮምፒውተር ሳይንስም እንዲሁ። የወፎች መንጋ ያለ መሪ እንዴት አብሮ እንደሚታጠፍ፣ ወረርሽኝ በሰዎች የግንኙነት መረብ ላይ እንዴት እንደሚጓዝ፣ የአንድ ባንክ ውድቀት ሌሎቹን እንዴት እንደሚጎትት የሚያጠናው ሰው ግን ከእነዚህ በአንዱ ጣሪያ ሥር ተጠግቶ ነው የሚኖረው። ማን ይቀጥረኛል? የት አሳትማለሁ? ሥራዬን የሚገመግመው ማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ከዚህ አንድ እውነታ ይመነጫሉ።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ጥያቄዎን ከውስብስብ ሥርዓቶች ይውሰዱ፤ ቤትዎን ግን በስታቲስቲክስ ውስጥ ይሥሩ። ውስብስብ ሥርዓት ያማረ ሐሳብ በቀላሉ የሚወለድበት መስክ ነው። ያ ሐሳብ ከመረጃ ጋር ሲጋጭ መቆሙንና መውደቁን የሚለይልዎ ሙያ ግን ስታቲስቲክስ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዚህ እምነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ደረጃ 1፦ የሚያጠኑት ነገር ምን እንደሆነ አጥብቀው ይለዩ

ዋረን ዊቨር በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ ሳይንስ የሚገጥሙትን ችግሮች በሦስት ከፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ እንደ ፔንዱለም ባሉ ሁለትና ሦስት ተለዋዋጮች የሚገለጹ ቀላል ችግሮች ናቸው። ሁለተኛዎቹ እንደ ጋዝ ሞለኪውሎች እጅግ ብዙ ክፍሎች ያሏቸው፣ ነገር ግን ክፍሎቹ ሳይቀናጁ የሚንቀሳቀሱባቸው ናቸው፤ እዚያ አማካይ ማስላት ድንቅ ውጤት ይሰጣል፤ የመድን ድርጅት አንድ ደንበኛ ስንት ዓመት እንደሚኖር ሳያውቅ የሚሊዮኖችን በልበ ሙሉነት የሚገምተውም በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛዎቹ በመካከል የቆሙ ናቸው፤ ክፍሎቹ ብዙ ናቸው፣ እርስ በርሳቸውም የተሳሰሩ ናቸው። እርስዎ የሚያጠኑት እነዚህን ነው።

ፊሊፕ አንደርሰን በ1972 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ እንዳስረዳው፣ ክፍሎች ሲበዙና ሲተሳሰሩ ከእያንዳንዱ ክፍል ባሕርይ በቀጥታ የማይነበብ አዲስ ባሕርይ ይወለዳል። በ2021 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለሹኩሮ ማናቤ፣ ለክላውስ ሃሰልማን እና ለጆርጆ ፓሪሲ ሲሰጥ የሽልማቱ ምክንያት የውስብስብ ፊዚካዊ ሥርዓቶች ጥናት ተብሎ በግልጽ መጠቀሱ ለመስኩ ትልቅ ዕውቅና ነበር።

አሁን ወደ ስታቲስቲክሱ እንምጣ። በመጀመሪያ ዓመት የሚማሩት ስታቲስቲክስ በአብዛኛው አንድ ግምት ላይ ቆሟል፤ ይኸውም ምልከታዎቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ናቸው የሚል ነው። በውስብስብ ሥርዓት ውስጥ ግን ጥናቱ ራሱ ስለ ጥገኝነት ነው። ይህ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ በአንድ ስሌት ይዩት። አንድ መለኪያ በየቀኑ ይመዘገባል እንበል፤ የዛሬው ከትናንቱ ጋር ያለው ተዛምዶ 0.9 ነው፣ ተዛምዶውም ቀኑ በራቀ ቁጥር በዚሁ ምጣኔ እየሳሳ ይሄዳል። አማካዩን ለመገመት ሲነሱ የ1,000 ቀናት መዝገብዎ የሚሰጥዎ አቅም ከ53 ያህል ነጻ ምልከታዎች አይበልጥም። ይህን የማያውቅ ሰው የስህተት ወሰኑን ከአራት እጥፍ በላይ አጥብቦ ይዘግባል፤ ሌላው ግኝቱ ሁሉ የሚሠራውም በዚህ ጠባብ ወሰን ላይ ነው። ጥገኛ በሆነ መረጃ ላይ እንዴት በትክክል መደምደም እንደሚቻል ማወቅ፣ እርስዎን ከሌላው አመልካች የሚለይዎ ሙያ ይህ ነው።

ደረጃ 2፦ የሚኖሩበትን ክፍል ይምረጡ

ምርጫው ለአብዛኛው ሰው ከፊዚክስ፣ ከስታቲስቲክስና ከኮምፒውተር ሳይንስ አይወጣም። ፊዚክስ ጠንካራ የሞዴል አሠራር ባህል ይሰጥዎታል፤ ሆኖም ከዶክትሬት በኋላ ቋሚ ቦታ እስኪገኝ ሁለትና ከዚያ በላይ የድኅረ ዶክትሬት ቆይታዎችን መዞር የተለመደ ነው። በስታቲስቲክስ አንድ ቆይታ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ያለዚያም በቀጥታ ረዳት ፕሮፌሰር የሚሆኑ አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስታቲስቲክስ የማይማር ተማሪ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አስተማሪው ሁልጊዜ ይፈለጋል። ከዩኒቨርሲቲ ውጭም ቢሆን የጤና ተቋማት፣ ማዕከላዊ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ሙያውን ይሻሉ።

በመስኩ ስም ዶክትሬት የሚሰጡ ተቋማትም አሉ። በአሜሪካ የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ በውስብስብ ሥርዓቶች፣ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በመረብ ሳይንስ ያስተምራሉ። ጥሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ነገር ግን ከተመረቁ በኋላ የሚያመለክቱት ወደ ነባር ክፍሎች ስለሆነ «ይህ ሰው የመሠረት ትምህርታችንን ማስተማር ይችላልን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አስቀድመው ያዘጋጁ። ልብዎ ወደ ንጹሕ ንድፈ ሐሳብ፣ ለምሳሌ ፓሪሲ ወደተሸለመባቸው ሥርዓት አልባ ማግኔቶች የሚያዘነብል ከሆነ ደግሞ ወደ ፊዚክስ ይሂዱ፤ እዚያ ነው የሚያነጋግርዎ ሰው የሚገኘው።

ደረጃ 3፦ የሒሳብ ስንቅዎን ይያዙ

ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ ሳይነገር የታወቁ ናቸው። ከእነርሱ በላይ ሪል አናሊሲስ፣ የዕድል ስሌት እስከ ሜዠር ንድፈ ሐሳብ፣ የማርኮቭ ሰንሰለቶች፣ የዲፈረንሻል እኩልታዎችና ቢያንስ አንድ ኮርስ ስታቲስቲካል መካኒክስ ያስፈልጋሉ። በፕሮግራም ቋንቋ በኩል የስታቲስቲክስ ሰዎች አር የተባለውን፣ ሌሎቹ ፓይተንን ይመርጣሉ፤ አንዱን በጥልቀት፣ ሌላውን ለመግባቢያ ያህል ይወቁ።

የዕድል ስሌትን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ፈተና አልፈውት ከሆነ በቂ አይደለም። የብዙ ቁጥሮች ሕግ (ምልከታ በበዛ ቁጥር የናሙናው አማካይ ወደ እውነተኛው አማካይ ይጠጋል የሚለው) ምን ግምት እንደሚፈልግ፣ ግምቱ ሳይሟላ ሲቀር ምን እንደሚፈርስ በራስዎ ቃል ማስረዳት እስኪችሉ ድረስ ይመለሱበት። አንድ ሥርጭት (እያንዳንዱ እሴት የመታየት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጸው) ጅራቱ በጣም ከመወፈሩ፣ ማለትም እጅግ ትላልቅ እሴቶች ደጋግመው ከመታየታቸው የተነሳ አማካይ የሌለው ሊሆን እንደሚችል የገባው ተማሪና ያልገባው ተማሪ በኋላ አንድ መረጃ ይዘው የሚጽፉት ጽሑፍ ለየቅል ነው።

ደረጃ 4፦ ጥንታዊዎቹን ሞዴሎች በእጅዎ ይሥሩ

ለዶክትሬት ከማመልከትዎ በፊት ሦስት ሞዴሎችን ከባዶ ፋይል ተነስተው ይጻፉ። የሌላ ሰው ፕሮግራም አውርዶ ማስኬድ አይቆጠርም።

የመጀመሪያው ሮበርት ሜይ በ1976 ያስተዋወቀው የሕዝብ ብዛት ሞዴል ነው። የዘንድሮው ብዛት በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር ነው፤ የሚቀጥለውን ዓመት ብዛት ለማግኘት የዘንድሮውን ብዛት ከ1 ይቀንሱ፣ የቀረውን በዘንድሮው ብዛት ያባዙ፣ ውጤቱንም በእድገት መጠኑ ያባዙ። የእድገት መጠኑ ከ1 እስከ 3 ሲሆን ብዛቱ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። ከ3 ሲያልፍ በሁለት እሴቶች መካከል ይመላለሳል፤ ቀጥሎ በአራት፣ በስምንት፤ 3.57 ገደማ ሲደርስ ሥርዓቱ ይደፈርሳል፤ ብዛቱ ተደጋጋሚ ዑደት ሳይዝ ይዋዥቃል። አሁን የእድገት መጠኑን 4 ያድርጉትና በስድስተኛው የአስርዮሽ ቦታ ብቻ የሚለያዩ ሁለት መነሻዎች ይስጡት። ልዩነቱ በአማካይ በየእርምጃው እጥፍ ስለሚሆን ከ20 ያህል እርምጃ በኋላ ሁለቱ መንገዶች ፈጽሞ አይተዋወቁም። ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 በአየር ጠባይ ሞዴሉ ላይ የደረሰበት ነገር ይኸው ነበር፤ 0.506127 የነበረውን ቁጥር 0.506 ብሎ ዳግም አስገባው፣ ትንበያው ግን ከመጀመሪያው እየራቀ ሄዶ ሌላ ሆነ። ከዚያ የወጣውን ትንታኔ በ1963 አሳተመ። እርስዎም በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት በመጽሐፍ ከማንበብ የተለየ ግንዛቤ ይሰጣል።

ሁለተኛው የአይሲንግ የማግኔት ሞዴል ነው። በካሬ ሰሌዳ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያመለክታል፤ ከአራት ጎረቤቶቹም ጋር መስማማት ይፈልጋል፤ ሙቀት ደግሞ ስምምነቱን ያናጋል። ላርስ ኦንሳገር በ1944 ባገኘው ትክክለኛ መፍትሔ መሠረት ነጥቦቹ ከስምምነት ወደ ትርምስ የሚያልፉበት የሽግግር ሙቀት በሞዴሉ መለኪያ 2.269 ያህል ነው። ከ1953 ጀምሮ የሚታወቀውን፣ ነጥቦቹን በዕጣ እየገለበጠ ናሙና የሚያወጣውን የሜትሮፖሊስ ስልት ተጠቅመው ወደዚያ ሙቀት ሲጠጉ ሰሌዳው በጣም እየዘገመ ይለወጣል፤ አንዱ ናሙና ከቀጣዩ ጋር ይመሳሰላል። የላይኛው የ53 ስሌት እዚህ በሥራ ላይ ይገጥምዎታል፤ የስህተት ወሰንዎን ናሙናዎቹ ነጻ እንደሆኑ ቆጥረው ካሰሉት ውጤትዎ ከኦንሳገር ቁጥር ጋር አይጣጣምም፤ ለምን እንዳልተጣጣመ ለመረዳትም ሳምንት ያባክናሉ። ያ ሳምንት ግን አይቆጭም።

ሦስተኛው ቶማስ ሼሊንግ በ1971 ያቀረበው የሰፈር ምርጫ ሞዴል ነው። ነዋሪዎቹ ከጎረቤቶቻቸው ጥቂቱ እንኳ እነርሱን ከመሰለ ይረካሉ፤ ይህ መለስተኛ ምርጫ ግን በመጨረሻ በግልጽ የተከፋፈለ ከተማ ይፈጥራል። ስታቲስቲሺያኑ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ለየት ይላል፤ ጽኑ ጥላቻም ቢሆን ተመሳሳይ ካርታ ይሰጣል። ስለዚህ ካርታውን ብቻ ይዞ ስለ ነዋሪዎቹ ፍላጎት መናገር አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ብዙ ተማሪዎች የሚዘሉት ሥራ ይመጣል። ከሠሩት ሞዴል መረጃ ያመንጩ፣ ያስገቧቸውን ቁጥሮች ይደብቁና ከመረጃው ብቻ ተነስተው መልሰው ለማግኘት ይሞክሩ። ሞዴሉን የሠሩት እርስዎ ስለሆኑ ትክክለኛውን መልስ ያውቁታል። ዘዴዎ በዚህ ምቹ ሁኔታ ውስጥ መልሱን ካላገኘ ከእውነተኛው ዓለም መረጃ ያገኛል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። በየጥናቱ መጀመሪያ ይህን የማደርገው ከጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ የምርምር ጥያቄ የሚገኘው ዘዴው እዚህ ላይ ሲሰናከል ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን ትላልቅ ወጥመዶች ይወቁ

በዚህ መስክ ወጣት ተመራማሪ ስሙን በቀላሉ የሚያበላሽበት ቦታ ቢኖር ፓወር ሎው የተባለው ስርጭት ነው። መጠኑ እጥፍ በሆነ ቁጥር የመታየት ዕድሉ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ምጣኔ ይቀንሳል። የከተሞች ሕዝብ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል፣ የቃላት ድግግሞሽ፣ የሀብት ክፍፍል ሁሉ በዚህ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። የድሮው አሠራር ሁለቱንም ዘንጎች በሎጋሪዝም ስሎ፣ ቀጥ ያለ መስመር የመሰለውን ነገር በሪግሬሽን ለክቶ፣ «ተገኘ» ማለት ነበር። ይህ ስህተት ነው። ሎግኖርማልን (የእሴቶቹ ሎጋሪዝም የደወል ቅርጽ የሚይዝበትን ስርጭት) የመሰሉ ሌሎች ስርጭቶች በሰፊ ክልል ላይ በዚያው ሥዕል ቀጥ ብለው ይታያሉ፤ በጅራቱ በኩል ያሉት ነጥቦች ጥቂትና ተዋዥቂ ናቸው፤ የሪግሬሽኑ ግምቶችም አይሟሉም። መስመሩ በደንብ መግጠሙ ምንም አያረጋግጥም።

አሮን ክላውሴት፣ ኮስማ ሻሊዚ እና ማርክ ኒውማን በ2009 «ሲያም ሪቪው» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ ትክክለኛውን አካሄድ አስቀምጠው፣ ፓወር ሎው ናቸው የተባሉ 24 የመረጃ ስብስቦችን መረመሩበት። ጥቂቶቹ ፈተናውን አለፉ፣ ሌሎቹ ወደቁ። አካሄዱን እንዲህ ይከተሉት፦

1. ፓወር ሎው ይሠራል ከተባለ የሚሠራው ከአንድ ዝቅተኛ እሴት በላይ ነው። ያንን መነሻ በዓይን አይምረጡ፤ በመረጃውና በሞዴሉ መካከል ያለውን የኮልሞጎሮቭ ስሚርኖቭ ርቀት (በሁለቱ ድምር ስርጭቶች መካከል ያለውን ትልቁን ልዩነት) ትንሹ የሚያደርገውን ይውሰዱ።

2. የቁልቁለቱን ቁጥር (ዕድሉ በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ የሚናገረውን) በማክሲመም ላይክሊሁድ፣ ማለትም ያገኙት መረጃ የመታየት ዕድሉን ከፍተኛ የሚያደርገውን እሴት በመምረጥ ይገምቱ። ክፍልፋይም ሊሆኑ ለሚችሉ ቁጥሮች ስሌቱ አጭር ነው፤ ከመነሻው በላይ ያለውን እያንዳንዱን እሴት ለመነሻው ያካፍሉ፣ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙን ይውሰዱ፣ ይደምሩ፤ የምልከታዎቹን ብዛት ለድምሩ አካፍለው 1 ይጨምሩ።

3. ከተገኘው ሞዴል ሰው ሠራሽ ስብስቦችን ያመንጩ፤ በእያንዳንዱም ላይ የመነሻውን ምርጫ ጨምሮ ሁሉንም ይድገሙ። የእርስዎ ርቀት ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸር ከልክ በላይ የራቀ ከሆነ ሞዴሉ ወድቋል። የሚያገኙት የዕድል ቁጥር እስከ 0.01 ድረስ እንዲታመን 2,500 ያህል ስብስቦች ያስፈልጋሉ።

4. ፈተናውን ቢያልፍም ከሎግኖርማልና ከሌሎች ተፎካካሪዎች ጋር በላይክሊሁድ ምጣኔ ያወዳድሩት። መለየት ካልተቻለ መለየት እንዳልተቻለ ይጻፉ።

አራተኛው ነጥብ ላይ ብዙዎች ይደክማሉ፤ «መለየት አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ ማን ያነበዋል ብለው ይሰጋሉ። እኔ ግን እንዲህ የጻፈን ሰው ቀጣይ ሥራ በበለጠ እምነት አነባለሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ የመረብ ተጽዕኖ ነው። በ2007 ኒኮላስ ክሪስታኪስ እና ጄምስ ፋውለር 12,067 ሰዎችን ለ32 ዓመታት ከተከታተለ መረጃ ተነስተው፣ ጓደኛው ከልክ በላይ የወፈረበት ሰው ራሱም የመወፈር ዕድሉ በ57 በመቶ እንደሚጨምር ጻፉ። ውጤቱ ዓለምን አነጋገረ። ነገር ግን ሦስት ታሪኮች ይህን አንድ ቁጥር ሊያስገኙ ይችላሉ፤ ጓደኛ ጓደኛውን ይለውጣል፤ ወይም የሚመሳሰሉ ሰዎች ቀድሞውኑ ይወዳጃሉ፤ ወይም ሁለቱም በአንድ አካባቢ ለአንድ ነገር ተጋልጠዋል። ኮስማ ሻሊዚ እና አንድሩ ቶማስ በ2011 እንዳሳዩት፣ ወዳጅነትንም ድርጊትንም የሚወስን ያልተለካ ባሕርይ ካለ፣ በምልከታ ብቻ በተሰበሰበ የመረብ መረጃ ተጽዕኖንና መመሳሰልን መለየት በአጠቃላይ አይቻልም። ትልቅ ናሙናም አያድነውም። ስለዚህ የዶክትሬት ርዕስ ከመያዝዎ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ተፎካካሪ ማብራሪያዎቹን ጽፈው፣ ከጎናቸው «ይህን ከዚያ የሚለየው የትኛው መረጃ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ የሌለው ርዕስ አራት ዓመት ይበላል።

ደረጃ 6፦ ዶክትሬትና አማካሪ

በአሜሪካ ዶክትሬት በተለምዶ ከ5 እስከ 6 ዓመት ይፈጃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኮርስ ናቸው፤ በጥሩ ክፍሎችም ክፍያው ይሸፈናል፣ የወር አበልም ይሰጣል። በአውሮፓ ብዙ ጊዜ ማስተርስ ተይዞ የሚገባበት ከ3 እስከ 4 ዓመት የሚፈጅ ነው፤ ርዕሱም ቀድሞ የታወቀ ይሆናል። ሒሳብዎ ገና ያልጠነከረ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ጥያቄዎ የጠራ ከሆነ ሁለተኛው ይስማማዎታል።

ለሚፈልጉት አማካሪ ሲጽፉ ደብዳቤው አጭር ይሁን። ከጽሑፎቹ አንዱን በእውነት አንብበው፣ ውጤቱን ራስዎ ለመድገም ሞክረው፣ የገጠመዎትን አንድ ጥያቄ ያቅርቡ። «የእርስዎን ድንቅ ሥራ አደንቃለሁ» የሚል ደብዳቤ በቀን ብዙ ይመጣል፤ ሦስተኛውን ሥዕል ደግሜ ስሠራ ቁልቁለቱ ለየት ያለ መጣብኝ የሚል ግን ብርቅ ነው።

ከመወሰንዎ በፊት የቀድሞ ተማሪዎቹን ያነጋግሩ። ስንት ዓመት ፈጀባችሁ? አሁን የት ናችሁ? የተሳሳተ ውጤት ስታመጡ ምን ይላል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ተማሪው ስህተቱን ለአማካሪው ሊነግር የሚፈራበት ቤት ውስጥ ጥሩ ስታቲስቲክስ አይሠራም። የአማካሪዎ ዕውቀት በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ከሌላው ክፍል ሁለተኛ አማካሪ ይፈልጉ፤ ይህንንም በመጀመሪያው ዓመት ያድርጉት።

የበጋ ትምህርት ቤቶችን አይናቁ። በ1984 በኒው ሜክሲኮ የተመሠረተው የሳንታ ፌ ተቋም ዲግሪ አይሰጥም፤ የበጋ ትምህርት ቤቱ ግን ለአሥርት ዓመታት ከየመስኩ የመጡ ወጣቶችን አንድ ላይ ሲያሠራ ኖሯል። አብዱስ ሰላም በ1964 በጣሊያኗ ትሪየስተ የመሠረተው ዓለም አቀፍ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል በተለይ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ሳይንቲስቶች የተዘጋጀ ነው፤ ለዶክትሬት የሚያዘጋጅ የዲፕሎማ ትምህርትም አለው። በድሬስደን ያለው የማክስ ፕላንክ የውስብስብ ሥርዓቶች ፊዚክስ ተቋም እና በቪየና ያለው የውስብስብነት ሳይንስ ማዕከል የጎብኚ ተመራማሪ በር አላቸው። ከእነዚህ ቦታዎች የሚያተርፉት ዋናው ነገር ትምህርቱ አይደለም፤ ከእርስዎ መስክ ውጭ ያለ፣ ወደፊት መረጃ የሚያመጣልዎ ጓደኛ ነው።

ደረጃ 7፦ መጻፍና ማሳተም

ሁለት አንባቢ አለዎት፤ አንዱ ስለ ሥርዓቱ፣ ሌላው ስለ ዘዴው የሚጨነቅ። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ለማስደሰት የሚሞክር ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያጣል። እኔ የምመክረው አንድ ሥራ ሲበስል ለሁለት መክፈልን ነው፤ ዘዴውን ከነማረጋገጫው ለስታቲስቲክስ መጽሔት፣ ግኝቱን ደግሞ ሥርዓቱን ለሚያጠኑ ሰዎች መጽሔት። ይህ የአንድን ጽሑፍ ውጤት ሁለት ጊዜ ከመሸጥ የተለየ ነው፤ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ የሚቆም አዲስ ነገር ሊኖረው ይገባል።

ጽሑፉን ለመጽሔት ሲልኩ ፖል ጊንስፓርግ በ1991 በጀመረው አርካይቭ በተሰኘው የቅድመ ኅትመት ማከማቻም ያስቀምጡት። መረጃውንና ፕሮግራሙን አብረው ይልቀቁ፤ ሌላ ሰው በአንድ ትእዛዝ ሥዕሎችዎን መልሶ ማውጣት መቻል አለበት። ይህ ሌሎችን ከመርዳቱ በፊት ገምጋሚው ከስምንት ወር በኋላ «ይህን ስሌት በሌላ መነሻ ድገሙት» ሲል ራስዎን ያድናል።

የደራሲዎች ቅደም ተከተል በየመስኩ ትርጉሙ ይለያያል። በንጹሕ ሒሳብ በፊደል ተራ ነው፤ በብዙ የሙከራ ሳይንሶች የመጀመሪያው ዋናውን ሥራ የሠራው፣ የመጨረሻው የቡድኑ መሪ ነው። ድንበር ተሻጋሪ ሥራ ስለሚሠሩ ሥራው ሳይጀመር ይነጋገሩበት። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚነሳ የስም ክርክር ብዙ መልካም ጓደኝነት አፍርሷል።

ደረጃ 8፦ ሥራ ፍለጋ

የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ክፍሎች ማስታወቂያ በመጸው ይወጣል፤ የማመልከቻው ቀን በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባሉት የፈረንጆች ወራት ይዘጋል፤ ቃለ ምልልሱ ከክረምታቸው አጋማሽ ጀምሮ ይካሄዳል። የሚጠየቁት የትምህርትና የሥራ ታሪክ፣ የምርምር መግለጫ፣ የማስተማር መግለጫና በተለምዶ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎች ናቸው። ደብዳቤ ጸሐፊዎችዎ ሦስቱም የውስብስብ ሥርዓቶች ሰዎች ከሆኑ የስታቲስቲክስ ክፍሉ ኮሚቴ ማንንም አያውቅም፤ ቢያንስ አንዱ እነርሱ የሚያነቡት ሰው ይሁን።

ለእርስዎ ከባዱ ጥያቄ «አንተ ምንድን ነህ?» ወይም «አንቺ ምንድን ነሽ?» የሚለው ነው፤ በቃል ባይጠየቅም በሁሉም ልብ ውስጥ አለ። መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ «በመረብ የተሳሰሩ መረጃዎች ላይ እርግጠኛነትን እንዴት መለካት እንደሚቻል የማጠና ስታቲስቲሺያን ነኝ» የሚል ዓይነት። ወረርሽኝ፣ የነርቭ ሥርዓትና ገበያ ላይ ሠርተው ከሆነ ሦስቱን እንደ ሦስት ሙያ አይደርድሯቸው፤ የአንዱ ዘዴ ሦስት መፈተኛዎች አድርገው ያቅርቧቸው።

አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስደው የሥራ ንግግር ላይ የመጀመሪያው ሲሶ ማንም ሰው የሚገባው፣ መካከሉ ባለሙያ የሚረካበት፣ መጨረሻው ወደፊት የሚሠሩትን የሚያሳይ ይሁን። ዘዴዎ የማይሠራበትን ሁኔታ የሚያሳይ አንድ ስላይድ በፈቃድዎ ያስገቡ። ጠያቂው ከሚያነሳው እርስዎ ቢያነሱት ይሻላል፤ ስታቲስቲሺያኖች ደግሞ ይህን አይተው ያከብራሉ።

በሁለት ክፍሎች የጋራ ሹመት ከቀረበልዎ ይደሰቱ፣ ነገር ግን ፊርማዎ ሳይደርቅ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይኑርዎ፦ የሹመት ጉዳይዎን የሚወስነው የትኛው ክፍል ነው፤ በዓመት በጠቅላላ ስንት ኮርስ ያስተምራሉ፤ የስንት ኮሚቴ አባል ይሆናሉ። በቃል የተሰጠ ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

ደረጃ 9፦ እስከ ቋሚ ሹመት ያሉት ዓመታት

በአሜሪካው ሥርዓት ይህ ጊዜ ስድስት ዓመት ያህል ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ኮርስ በደንብ ያዘጋጁና በተቻለ መጠን ደጋግመው ያንኑ ያስተምሩ። የማስተማሪያ ማስታወሻዎን ከጅምሩ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ከሦስት ዙር በኋላ ለሌሎች የሚጠቅም ጽሑፍ ሆኖ ያገኙታል።

የምርምር ገንዘብ ፍለጋ በሁለተኛው ዓመት ይጀምር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለጀማሪ መምህራን የሚሰጠው ኬርየር የተባለው ድጎማ ለአምስት ዓመት ነው፤ የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት የጀማሪዎች ድጎማ ደግሞ ለአምስት ዓመት እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ይደርሳል። ገምጋሚዎቹ ከብዙ መስክ የሚመጡ ስለሆኑ «ውስብስብ» የሚለውን ቃል በየገጹ ከመደጋገም ይልቅ አንድ የተወሰነ ሥርዓት፣ አንድ የማይታወቅ ቁጥርና እርሱን የሚለካ መንገድ ያሳዩአቸው።

የሹመት ፋይልዎ ሲዘጋጅ ክፍሉ ከውጭ ላሉ ምሁራን ይጽፋል፤ «ይህ ሰው በመስኩ ምን ለወጠ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ሁለት መስክ ላይ የቆመ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፤ የስታቲስቲክሱ ሰው ግማሹን ሥራ አያውቅም፣ የፊዚክሱም ሰው ሌላውን ግማሽ። መፍትሔው ፋይሉ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ይጀምራል። በየዓመቱ አንድ ጊዜ በስታቲስቲክስ ጉባኤ፣ አንድ ጊዜ በመረብ ወይም በውስብስብ ሥርዓቶች ጉባኤ ይናገሩ፤ በአራተኛው ዓመት ላይ ሥራዎን በሙሉ በአንድ ክር የሚያያይዝ የዳሰሳ ጽሑፍ ያሳትሙ። ደብዳቤ ጸሐፊው ጊዜ አጥሮት አንድ ነገር ብቻ ቢያነብ የሚያነበው እርሱን ይሆናል።

ፋይሉ ከገባ በኋላ ውሳኔው ወራት ይወስዳል፣ እርስዎም ምንም ሊቀይሩት አይችሉም። በእነዚያ ወራት ለመጽሔት የሚሆን ነገር ለማፋጠን አይሩጡ። በደረጃ 4 የሠሩትን የመጀመሪያ ፕሮግራም ይክፈቱት፤ ያን ጊዜ «በኋላ እመለስበታለሁ» ብለው ጠርዙ ላይ የጻፉት ጥያቄ አሁንም እዚያው አለ።